ስም ያልጠራ ጥሩምባ

አብተው ያልተናደደበት ቀን ቢፈለግ አይገኝም። እናቱ በሕይወት ሳሉ፣ ሲወለድ ጮሆ ጎረቤት እንዳስነሣ ይናገሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቀነሰው ጩኸቱን እንጂ ንዴቱን አይደለም። የጅማው ሰፈር በቾ ቦሬ ግን ይችለዋል። ሰው ሲሞት ማን እንደሞተ፣ ቤቱ የት እንደሆነ፣ ቀብሩ በስንት ሰዓትና የት እንደሚፈጸም የሚናገረው እሱ ስለሆነ ነው። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው።

አሠራሩ የራሱ ነበር። መስቀለኛው መንገድ ላይ ይቆምና ጥሩምባውን ይነፋል፤ ከዚያ በአማርኛ ይናገራል፣ ቀጥሎ በኦሮምኛ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ይገለብጠዋል፤ ኦሮምኛው ይቀድማል፣ አማርኛው ይከተላል። ከመስጊዱ ማዶ እንደገና አማርኛው ፊት ይወጣል። እንዲህ አድርግ ብሎ ያዘዘው የለም። «የኛ ለምን ሁለተኛ ሆነ?» የሚል ሰው እንዳይመጣበት ራሱ የፈጠረው ዘዴ ነው፤ ማንም አልመጣበትም። ደግሞም ቃል በቃል አይገለብጥም። በአማርኛ «የአቶ እከሌ ባለቤት ወይዘሮ እከሊት» ያላትን ሴት በኦሮምኛ ሲጠራት በልጇ ስም «ሃዳ እከሌ»፣ የእከሌ እናት፣ ይላታል፤ ያ ወገን የሚያውቃት በልጇ ነዋ። ሰዉ የሟቹን ስም ሲሰማ ምድጃውን ትቶ፣ ሱቁን ዘግቶ ይወጣል። እድር ማለት ይኸው ነው።

የተወለደው ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሸቤ ነው። አባቱ ከቡልጋ መጥተው የወረዳው ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ቤት ውስጥ አማርኛ ነው፤ ከአጥር ውጭ ያለው ዓለም በሙሉ ኦሮምኛ። አብተው ኳስ የተራገጠው፣ የተሳደበው፣ የታረቀው በኦሮምኛ ነው። ትምህርት ቤት አብራው የምትሄድ ሶረቲ የምትባል የጎረቤት ልጅ ነበረች። ሒሳብ የምትሠራው በልቧ ነው፤ አብተው ጣቱን ዘርግቶ ሲቆጥር እሷ ጨርሳ ትስቅበታለች።

አንድ ቀን መምህሩ ጠየቋት። መልሱን ታውቀዋለች፤ በአማርኛ ግን አልመጣላትም። ዝም ብላ ቆማ ቆማ በመጨረሻ በኦሮምኛ ተናገረችው። ትክክል ነበር። መምህሩም ትክክል መሆኑን ያውቃሉ፤ እሳቸውም የዚያው አገር ልጅ ናቸውና። ግን ግቢው ውስጥ ኦሮምኛ መናገር ክልክል ነበር፣ መዳፏን ዘርግታ ተገረፈች። በሚቀጥለው ሳምንትም ተገረፈች። ከዚያ ቀረች። እናቷ ገበያ ይዘዋት መውጣት ጀመሩ። አብተው ደግሞ አማርኛውን ከቤቱ ይዞት ስለመጣ ብቻ እያለፈ እያለፈ ሄደ። ሽማግሌ ሆኖም ይህን እያነሣ ይናደዳል። «ከኔ ትበልጥ ነበር» ይላል፤ «በምን ቀረች? በምላስ!»

ሁለተኛው ንዴቱ የመጣው ጎልማሳ ሆኖ ነው። ጅማ ውስጥ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሮ ነበር፤ እጅ ጽሑፉ የተመሰገነ። መንግሥት ተለወጠ፣ የመሥሪያ ቤቱም ቋንቋ ኦሮምኛ ሆነ። አብተው ደስ አለው። «ዘግይቷል እንጂ ተገቢ ነው» አለ፤ ሶረቲን አስቦ ነው ያለው። ችግሩ አዲሱን የላቲን ፊደል አለማወቁ ነበር። ቋንቋውስ ጥርሱን የነቀለበት ነው፤ መጻፊያውን ለመልመድ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ አለ። አልሰጡትም። አለቃው ቢሮ አስጠርቶ፣ በዚህ ቋንቋ መሥራት ስለማይችል ወደ ጥበቃ መዛወሩን ነገረው። የነገረው በአማርኛ ነበር፤ አለቃው ራሱ ከሰላምታ ያለፈ ኦሮምኛ አልነበረውማ። አብተው በር ላይ ቆሞ፣ ከልጁ የትምህርት መጽሐፍ ፊደሉን በአጭር ጊዜ ለመደው። ለመድህ ወይ ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ጡረታ የወጣው ከዚያው በር ነው።

ስለዚህ በቴሌቪዥን ክራባት ያሰሩ ሰዎች ተሰብስበው አገሪቱ አንድ ብሔራዊ ቋንቋ ያስፈልጋታል፣ አያስፈልጋትም ብለው ሲከራከሩ አብተው ቴሌቪዥኑን አያጠፋም። ይሰድበዋል። «ቋንቋው ማነው? ሰዉ የት አለ?» እያለ ይጮህበታል። ሚስቱ ነፍሷን ይማርና፣ ሰዎቹ እንደማይሰሙት ደጋግማ ነግራው ነበር።

ሶረቲም ዞሮ ዞሮ ጅማ ገባች። ጎንደሬ ወታደር አግብታ፣ ሊያ የምትባል አንዲት ልጅ ወልዳ፣ ባሏ ሞቶባት፣ በቾ ቦሬ ሸዋረገጥ የምትባል ሴት ግቢ ውስጥ ጓሮ ቤት ተከራይታ ትኖር ነበር። እዚያው ጅማ መርካቶ ኮረሪማና ሚጥሚጣ እየሸጠች ሊያን አስተማረች፤ ሊያም ነርስ ሆና ቦንጋ ተመደበች። አማርኛውን ገበያ አስተማራት። አብተው ባለፈ ቁጥር «አንተ በጣትህ ቆጣሪ!» እያለች ትጠራዋለች፤ ያ ቁጡ ሰው እሷ ዘንድ ሲደርስ ብቻ ይስቃል።

አንድ ፍርሃት ነበረባት። ባሏን የቀበሩት በማያውቁት አገር፣ በክረምት፣ ሰው በሌለበት ነው፤ ሬሳውን ጭቃ ላይ አስቀምጠው ተሸካሚ እስኪመጣ የጠበቁትን አትረሳም። ጅማ እንደገባች ገና እቃዋን ሳትፈታ የጠየቀችው እድር የት እንዳለ ነው። ከዚያ ወዲህ የቀረችበት ለቅሶ የለም። ጉልበቷን ካመማት በኋላ እንኳ ዱላ ይዛ እያዘገመች ትመጣለች፤ የክርስቲያኑም የእስላሙም ቤት። «እኔን ሰው ይቅበረኝ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም» ትላለች። አብተውም «እኔ እያለሁ ሰው ሞልቶ ነው የሚቀብርሽ» ይላታል። ይህንን ያላትም ለማጽናናት ሳይሆን ስለሚያውቀው ነበር፤ ሥራው ነዋ።

ታዲያ ባለፈው ዓመት እድሩ መተዳደሪያ ደንቡን ላድስ አለ። ሊቀመንበሩ አቶ ወንድወሰን ናቸው፤ ከባንክ በጡረታ የወጡ፣ ሸሚዛቸው የማይጨማደድ ሰው። ጸሐፊው ነዚፍ ነው፤ ኮሌጅ የሚያስተምር፣ ወንበር ላይ ተደላድሎ መቀመጥ የማያውቅ ወጣት። ሁለቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ይህን ደግሜ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ደንቡ በምን ቋንቋ ይጻፍ፣ እድሩስ በምን ቋንቋ ይሥራ የሚል ጥያቄ ተነሣና ሁለቱም ራሳቸውን አገር አደረጉ።

«አንድ ማኅበር አንድ ቋንቋ ያስፈልገዋል» አሉ አቶ ወንድወሰን። «እዚህ ጉራጌው አለ፣ ዳውሮው አለ፣ ከፊቾው አለ፣ ከሰሜን የመጣው አለ። ሁላችንንም የሚያግባባን አማርኛ ነው። እኔ ፖለቲካ አልተናገርኩም፤ ያለውን ነው የተናገርኩት።»

«ያግባባን አሉ ጋሼ፤ የተግባባው ማን ነው?» አለ ነዚፍ ጣቱን ቀስሮ። «እናቴ ሃያ ዓመት እዚህ እድር ውስጥ ቁጭ ብላ ‹ተስማምተናል› ሲባል እጇን ታወጣለች፤ በምን እንደተስማማች እኔ ነኝ ማታ የምነግራት። ያለነው ጅማ ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። አንድ ይሁን ካሉ፣ ወላሂ አንዱ እሱ ነው።»

«በሁለቱም ይሁንና እንገላገል» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

በዚህ ጊዜ ሁለቱም አንድ ላይ ዞረው ተቆጡት። አቶ ወንድወሰን፣ ሁለት ካሉማ ነገ ሦስተኛውና አራተኛው ይመጣል፣ ማቆሚያ የለውም አሉ። ነዚፍም፣ ሁለት ማለት ድሮ እንደነበረው አንዱ ጌታ ሌላው አስተርጓሚ ሆኖ መቀጠል ነው አለ። ከዚያ ዞረው አብተውን አዩት። እስከዚያ ድረስ ሁለት ቋንቋ በአደባባይ ሲናገር የኖረ እሱ ነበርና።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ?» አለ አብተው ተነሥቶ። «እኔ ደንብ አላነብም። ሰው ሞቷል፣ ኑ ቅበሩ ነው የምለው። ለዚህ የትኛው ይበቃል ነው የምትሉኝ? ለማን እንዳልናገር ነው የፈለጋችሁት? ስሙን ጥሩልኝ፣ ቤቱን ልለፈው!»

ማንም ስም አልጠራም። ግን አምሽተው፣ ደክሟቸው፣ ተኮራርፈው የማይረባ ነገር ወሰኑ። ጠቅላላ ጉባኤው ተሟልቶ ቋንቋውን እስኪመርጥ ድረስ ጥሩምባ ነፊው በየትኛውም ቋንቋ እንዳይለፍፍ፤ ጥሩምባውን ብቻ ይንፋ። ማን እንደሞተ ማወቅ የፈለገ ሊቀመንበሩን ወይም ጸሐፊውን ይጠይቅ። ወረቀት ይለጠፍ እንዳይባል ወረቀቱም ቋንቋ ይጠይቃል። አቶ ወንድወሰን ይህንን «ገለልተኛ መፍትሔ» አሉት። ነዚፍም «ለጊዜው» ብሎ ተቀበለው። አንዱ የሌላው ቋንቋ ብቻውን ሲጮህ ከሚሰማ ሙታኑ ስም ባይኖራቸው መረጠ። የተማሩ ሰዎች እንዲህ ሲደነቁሩ የሚያስቆማቸው የለም።

ጉባኤው እሑድ ተጠራ፤ ሰው አልሞላም። ሌላ እሑድ ተጠራ፤ አልሞላም። ደግነቱ በዚያ ሰሞን ሰው አልሞተም።

ሶረቲ የሞተችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሸዋረገጥ ቁርስ ልታቀምሳት ስትገባ እንደተኛች ነበረች። ሸዋረገጥ ጮሃ ወጣች፤ ለሊያ ደወለች፣ ቀብሩ ስምንት ሰዓት ነው፣ ድረሺ አለቻት። ከዚያ አብተውን ጠራችው።

አብተው ገብቶ አልጋው አጠገብ ቆመ። ሶረቲ አፏ ትንሽ ተከፍቶ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ ነበር። አስተካከለላት። ልቅሶ አልመጣውም። የመጣው ያ ስብሰባ ነው፤ የአቶ ወንድወሰን ሸሚዝና የነዚፍ ጣት። «ይቺን ሴት በልጅነቷ አፏን ዘጉት» አለ፤ «ዛሬ ደግሞ ስሟን።» ለአቶ ወንድወሰን ደወለ፤ መስመሩ ተይዟል። ደግሞ አልደወለም። ነዚፍ ጋ አልደወለም። ማወቅ የእነሱ ሥራ ነው፣ ይወቁ።

ጥሩምባውን ይዞ ወጣና መስቀለኛው ላይ ነፋ። አፉን ዘጋ። ሴቶች ከየበሩ ብቅ ብቅ አሉ።

«ማነው ጋሽ አብተው? ማን አረፈ?»

«ሊቀመንበሩን ጠይቁ።»

ወፍጮ ቤቱ ጋ ነፋ። እህል ያስፈጩ የነበሩ እናት ዱቄት በዱቄት ሆነው ወጡ። «ወይ ረቢ! ኤኙቱ ዱኤ?» አሉት፤ ማን ሞተ ማለታቸው ነው። በቋንቋቸው ጸሐፊውን ጠይቁ ብሏቸው አለፈ። ከመስጊዱ ማዶ ነፋ። እዚያም ተጠየቀ፣ እዚያም አልመለሰም። ሹክ ቢላቸው ከእነሱ ሌላ ማን ይሰማዋል? ማንም። ግን ሁለት ወር ሙሉ የቆየው ንዴት መውጫ አግኝቶ ነበር። አፌን የዘጋችሁት እናንተ ናችሁ፣ ቅመሱት አለ በልቡ። ደስ እንኳ ብሎት ነበር።

ሰፈሩ ግን ጥሩምባ ሰምቶ ቁጭ ማለት አይችልም። ማንም ሊቀመንበሩን ልጠይቅ ብሎ አልሄደም፤ ሁሉም ሰው በልቡ አንድ ስም ነበረው። ጋሽ ጥላሁን! ከሊሙና ከአጋሮ ቡና ሲያመላልሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሾፌር፣ ከፋሲካ ወዲህ አልጋ የያዙ፣ ዛሬ ነገ የሚባሉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቀዘቁ። ወጣቶቹ የእድሩን ድንኳንና አግዳሚ ወንበር ተሸከሙ። ወንድሜን፣ ጋሼን፣ አባቴን እያለ ሰዉ በጋሽ ጥላሁን በር ጎረፈ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አሰገደች ጓዳ ሆነው ሾርባ ያጠጧቸው ነበር። የበሩን ልቅሶ ሲሰሙ ዘመድ ሞቶ ሊያረዷቸው የመጡ መሰላቸውና ሾርባውን ጥለው «ማንን አጣሁ!» እያሉ ጮኹ። ለቀስተኛው ደግሞ የእሳቸውን ጩኸት ሲሰማ ነገሩ ተረጋገጠለት፤ ደረት እየደቃ ባሰበት። ድንኳኑ በሩ ላይ ቆመ። ይሄኔ ጋሽ ጥላሁን ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ ግድግዳ ተደግፈው ብቅ አሉ።

«አሰገደች፣ ማን ነው የሞተብን?» አሉ።

ልቅሶው እዚያው ቆመ። አንዲት ሴት ራሷን ይዛ ተቀመጠች። ጋሽ ጥላሁን የቆመውን ድንኳን አዩት፣ ሰዉን አዩት፣ ገባቸው። ብርድ ልብሳቸውን ጠበቅ አደረጉ። በሕይወት ያለ ሰው የራሱን ለቅሶ እንዲህ እንዲያይ ያደረጉትን ሁሉ እግዜር ይፍረድባቸው።

አቶ ወንድወሰን መጡ፣ ነዚፍም እየሮጠ ደረሰ። ማን ሞተ ተባሉ፤ አያውቁም። እርስ በርስ ተያዩ። ያኔ የሁለቱም ጭንቅላት ውስጥ አንድ ሐሳብ ገባ።

«ሰው ሳይሞት ነው የነፋው» አሉ አቶ ወንድወሰን። «በውሳኔው አኩርፎ፣ ሊያዋርደን።»

«ወላሂ ሆን ብሎ ነው!» አለ ነዚፍ።

በወራት ውስጥ የተስማሙበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ሰዉም ተናዶ ነበርና አመነ። አፍሮ ሊበተን ሲል ነዚፍ ዙሪያውን አየ፤ ሰው ሞልቷል። ለቅሶ እንጂ ስብሰባ የማይመጣው ሁሉ መጥቷል። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል! ለአቶ ወንድወሰን ሹክ አላቸው። እሳቸውም ከተሰበሰብን አይቀር ብለው ሰዉን አስቀመጡ። ወይዘሮ አሰገደች ከደጄ ንሡልኝ ብለው ቢለምኑ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው አሏቸው። ጋሽ ጥላሁንም እድርተኛ ናቸው ተብሎ በብርድ ልብሳቸው እንዳሉ ወንበር ተሰጣቸው። በሶረቲ ድንኳን ሥር፣ በሶረቲ አግዳሚዎች ላይ፣ የቋንቋ ክርክሩ ተጀመረ።

አብተው ሶረቲ ደጅ ተቀምጦ ነበር። ሰው አልመጣም። ድንኳን አልመጣም። ከሩቅ ልቅሶ ሰምቶ ነበር፤ ኋላ ልቅሶው ቆመ። ብዙም ሳይቆይ አንድ መንገደኛ፣ እድሩ ጋሽ ጥላሁን በር ላይ ጉባኤ ተቀምጦ እሱን እየረገመ መሆኑን ነገረው።

ሸዋረገጥ ነጠላዋን አገልድማ መጣችበት። «ጋሽ አብተው፣ ሂዱና ንገሯቸው እንጂ! ሬሳ ይዘን?»

«ቋንቋቸውን ሲመርጡ ይምጡ።»

«እሷ ምን አደረገች?»

«አልሄድም አልኩ!» ብሎ ጮኸባት። ሸዋረገጥ ሬሳውን ትታ ራሷ መሄድ ስላልሆነላት ፊቷን አዙራ እያለቀሰች ገባች።

ሳጥኑን የሸዋረገጥ ወንድም ከአናጢ አመጣ። ሊያ ስትጠበቅ ስምንት ሰዓት አለፈ፤ ሚኒባሷ ሸቤ ላይ ጎማ ፈንድቶባት ቆማለች ተባለ፤ ሰማዩ ጠቆረ፤ ካህኑም ከዚህ በላይ አይቆይም ብለው ላኩ። ተነሡ። የግቢው ተከራዮችና ሁለት የገበያ ሴቶች፣ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ለወትሮው ሳጥን ከትከሻ ትከሻ እየተቀባበለ ነው የሚሄደው፤ ዛሬ ተቀባይ የለም። መንገዱ ሁለት ነው። በላይኛው ቢሄዱ በድንኳኑ ፊት ለፊት ያልፋሉ፤ ሰዉ ሳጥኑን ያያል፤ ያየ ሁሉ ይነሣል።

«በታችኛው» አለ አብተው።

ታችኛው መንገድ ጭቃ ነው። ሁለት ጊዜ አውርደው ትከሻቸውን አሳረፉ፤ ሁለተኛው ላይ ሳጥኑ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። ያኔ ሸዋረገጥ ሶረቲ ስለ ባሏ ቀብር ትለው የነበረውን አስባ አብተውን አየችው።

ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ካህኑ ዙሪያውን አዩና «እድርተኛ የለም እንዴ?» አሉ።

«አለ አባ» አለ አብተው። «ስብሰባ ላይ ነው።»

ቀብረው ሲጨርሱ ዝናቡ ጣለ። አብተው አልተጠለለም፤ በላይኛው መንገድ ተመለሰ። ሊሰድባቸው ነበር የሚሄደው። ከመቃብሩ እስከ ጋሽ ጥላሁን በር የሚላቸውን ሲደረድር ሄደ፤ ሁለቱንም ወገን፣ በየቋንቋቸው፣ አጥንታቸው ድረስ የሚገባ ስድብ።

ሊያ ግን ቀደመችው። ከሚኒባሷ ወርዳ እናቷ ቤት ሳትደርስ በፊት ድንኳኑን አየች። ጢም ብሎ የሞላ ሰው አየች። ሻንጣዋን በር ላይ ጥላ «እናቴን! እናቴን!» እያለች ገባች፣ መሬት ላይ ተደፋች። አቶ ወንድወሰን ድምፅ ልናስቆጥር ነው እያሉ ነበር፤ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። ነዚፍ ተነሥቶ ቆመ። ሶረቲ! ሰዉ አሁን ገና ማን እንደሞተ አወቀ።

ሊያ ቀና አለች። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ሰዉን ከዳር እስከ ዳር አየችው፤ አዛውንቱን፣ ወጣቱን፣ ነጠላ የዘቀዘቀችውን፣ ሻርፕ የተከናነበችውን።

«እግዚአብሔር ይስጣችሁ» አለች። «ሳልደርስባት ቀረሁ፤ እናንተ ደረሳችሁላት። የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር… ይህን ሁሉ ሰው ብታይ!» ከዚያ ለእናቶቹ በኦሮምኛ ደገመችው። የነዚፍ እናት ፊታቸውን ሸፈኑ። ያ ሲናገር የዋለ ሰው ሁሉ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ አንድ ቃል አልወጣውም።

አብተው ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ ሰማት። ውሃው ከኮፍያው ላይ ይንጠባጠባል፣ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ነው። ሲደረድር የመጣው ስድብ አንዱም አልነበረም።

«ሊያ፣ ልጄ፣ ተነሽ» አለ። «እዚህ ያለው ሰው አልቀበራትም። የቀበርናት እኛ ነን፤ እኔና ሸዋረገጥ፣ የግቢው ሰዎች። ሌላ ሰው አልነበረም።»

ሊያ አልገባትም። «ታዲያ ይሄ ድንኳን?»

«በስሕተት ነው። ጥሩምባውን የነፋሁት እኔ ነኝ። ስሟን አልጠራሁም።»

«ለምን ጋሼ?»

«በየትኛው ቋንቋ እንደምጠራ እስኪወስኑ ከልክለውኝ ነው» አለና አቶ ወንድወሰንንና ነዚፍን በአገጩ አመለከተ። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ ጥፋቱ ሁሉ የእነሱ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ግማሹ እውነት ነውና ማንም አይሞግተውም። ሊያ ግን ዓይኗን ከሱ ላይ አላነሣችም፤ የሶረቲ ዓይን ነበር።

«መናገር ግን እችል ነበር» አለ አብተው። «ጠይቀውኝ ነበር። በየበሩ ወጥተው ጠይቀውኛል።»

«እና ለምን አልነገሯቸውም?»

ዝናቡ ሸራውን ይደበድበዋል። ሰዉ ሁሉ የእሱን አፍ ያያል።

«ተናድጄ ነበር» አለ።